ክዳኑን የከፈትኩት ዱዓው እንዲገባ ነው

ከሚሴ ላይ ፍሪጅ የገዛ ሰው ለራሱ ብቻ የገዛ እንዳይመስለው። እኔ የገዛሁት ለለስላሳ መሸጫ ነበር። ሱቄ መናኸሪያው ፊት ለፊት ናት፤ ከአዲስ አበባ የመጣውም ከደሴ የወረደውም መንገደኛ ከመኪና እንደወረደ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቀዝቃዛ ነገር ነው። ሙቀታችንን የሚያውቅ ያውቀዋል። ታዲያ ፍሪጁ በገባ በሳምንቱ የጎረቤት ሥጋ ገባበት፣ የጎረቤት ቅቤ ገባበት፣ የጎረቤት የዓይን ጠብታ ገባበት። አንድ የባጃጅ ሹፌር አለ፣ የቀትሩን ዙሁር ሊሰግድ ሲሄድ ኮፍያውን አስቀምጦ ሲመለስ አውጥቶ ይደፋታል። ምን ትለዋለህ? ጎረቤት ነው።

እውነቱን ልናገርና አልጠላሁትም። ሰው "እስቲ ይህችን ፍሪጅህ ውስጥ" ሲለኝ ደረቴ ይነፋል። ከዚህ በፊት ባቲ ገበያ የከብት ደላላ ነበርኩ፤ ደላላ ደግሞ የራሱ የሚለው ነገር የለውም፤ በሰው በሬና በሰው ግመል መሀል ቆሞ ሲለፈልፍ ይውላል። ፍሪጁ የራሴ ያልኩት የመጀመሪያው ንብረቴ ነው ማለት ይቻላል። ባለቤቴ ዘሀራ እኔን እንኳን እንዲህ ወልውለኸኝ አታውቅም እያለች ትተርበኛለች። እሷ ጓሮ ውስጥ ቀሪቦ ትጠምቃለች። ገብሱን ቆልታ፣ አፍልታ፣ አጥልላ፣ ስኳርና እርሾ ጨምራበት ስታሳድረው ጠዋት ላይ እየፈላ ይጠብቃል፤ የሰፈራችን ሠርግ ያለሷ ቀሪቦ ሠርግ አይመስልም። ጀሪካኖቿን ግን ፍሪጄ ውስጥ አላስገባም ብያታለሁ፣ ቦታ ይይዛሉ ብዬ። ይህችን ያዙልኝ፤ ኋላ እንገናኛለን።

ሀያት የእህቴ ልጅ ናት። በኦሮምኛ የእናት ወንድም ኤሱማ ይባላል፤ እሷም ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ኤሱማ እንጂ ሌላ ስም ጠርታኝ አታውቅም። ደሴ ላይ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትማር ልጅ ናት። ለጥናቷ የሚያስፈልጋት ማሽን አዲስ አበባ ስለሆነ ያለው ዓመቱን ሙሉ እዚያ ተቀምጣ ከርማ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ነጭ የስፖንጅ ሳጥን እንደ አራስ ልጅ አቅፋ ሱቄ በር ላይ ከሚኒባስ ወረደች። ሳጥኑን ሲከፍቱት በረዶ ነው። በረዶውን ሲገልጡት ከአውራ ጣቴ የምታንስ ክዳን ያላት የፕላስቲክ ብልቃጥ አለች። ብልቃጧ ውስጥ ደግሞ ውሃ የመሰለ ጠብታ። ዓመቱን ሙሉ የለፋችው ለዚያች ጠብታ ነው።

ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳት። ኢንዛይም ነው አለችኝ፤ ከእርሾ ውስጥ ነጥላ ያወጣችው፤ ሥራው ስኳር ላይ ፎስፌት ማሰር ነው። እኔም "አዎ፣ አዎ" እያልኩ ራሴን ነቀነቅኩ። ያልገባኝ ነገር ሲነገረኝ ራሴን መነቅነቅ ከደላላነት የተረፈኝ ልማድ ነው። እሷ ደግሞ ልማዴን ታውቀዋለች። ለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጠችና ባቲ ላይ በሬ የገዛ ሰው ገና እንደገዛ ምን ያደርጋል ብላ ጠየቀችኝ። ይኼማ የኔ ትምህርት ነው። የሻጩን ገመድ ፈትቶ የራሱን ያስርበታላ፤ ካላሰረ በሬው በመጣበት ይመለሳል አልኳት።

ስኳርም እንዲሁ ነው አለች። ስኳር እርሾዋ ውስጥ ሲገባ፣ እኛም ሰውነት ውስጥ ሲገባ፣ በገባበት በር ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። ፎስፌት ከታሰረበት ግን መውጫ የለውም፣ የቤቱ ሆነ፣ ከዚያ በኋላ ነው ለሥራ የሚውለው። ገመዱን የሚያስረው ማን ነው? ይኸው ጠብታው ውስጥ ያለው ነው፣ ደላላው። ባቲ ላይ ዋጋ የምንነጋገረው በኩታ ስር እጅ ለእጅ ተያይዘን አይደለም እንዴ፣ ሌላ ሰው ጣልቃ እንዳይገባ? ይህም ደላላ ስኳሩንና ፎስፌቱን ሲይዝ ራሱን አጥፎ በላያቸው ላይ ይዘጋል። ካልዘጋ ውሃ ጣልቃ ይገባና ፎስፌቱ በከንቱ ይቀራል። ሲጨርስ ይከፈታል፣ የታሰረውን ይለቃል፣ ወዲያው ወደሚቀጥለው ስኳር ይሄዳል።

"ኮሚሽኑስ?" አልኳት።

"ምንም አይወስድም ኤሱማ። ሲጨርስም እንደነበረ ነው።"

ወላሂ፣ እኔ ያን ሁሉ ዘመን ባቲ ስደልል አንድ ቀን ኮሚሽን ሳልወስድ፣ ሳልዋሽ፣ ማታ ላይም ድምፄ ሳይዘጋ የዋልኩበትን ጊዜ አላስታውስም። ይህ በዓይን የማይታይ ፍጡር ዓይናችንን ጨፍነን እስክንገልጥ ስንቱን አገናኝቶ ይጨርሳል። ብልቃጧን ወደ ብርሃኑ አንስቼ አየኋት። ሰላም ልላት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከዚያ ነገሩ የሚያስፈራበትን ነገረችኝ። እንዲህ ፎስፌት የታሰረበት ስኳር ለመድኃኒት ምርምርና ለምርመራ ይፈለጋል፤ የሚመጣው ግን ከባሕር ማዶ በአውሮፕላን ነው፣ እስኪደርስም መንገድ ላይ ይበላሻል። ሀያት እዚሁ አገር ቤት ሊሠራ ይችላል ብላ ተከራክራለች። ሰኞ መምህሮቿ ፊት ቆማ ትሠራዋለች። ከሠራ ትመረቃለች፣ እዚያው ላቦራቶሪ ውስጥም ይቀጥሯታል። ካልሠራ የተሰጣት ጊዜ ስላለቀ ባዶ እጇን ወደ ቤቷ ትመለሳለች። እናቷ እዚሁ አጠገባችን ጨፋ ናት፤ እግሯን ካመማት ቆይቷል፣ ሀያትም ሳታያት ወደ ደሴ ማለፍ አልሆነላትም። ስለዚህ እስከ ነገ ጠብታዋ እኔ ዘንድ ትቆይ።

"ሁለት ነገር ብቻ አደራ ኤሱማ" አለች። "ከፍሪጁ እንዳትወጣ፣ ክዳኗም እንዳይከፈት።"

አደራ አለች፤ የኛ አገር ሰው አደራ ሲባል ምን እንደሚሰማው ታውቃላችሁ። የባጃጅ ሹፌሩን ኮፍያ አውጥቼ ወረወርኩ። ሥጋውንና ቅቤውን ለየባለቤቱ መለስኩ። ብልቃጧን በስኒ አድርጌ መሀል መደርደሪያ ላይ ብቻዋን አስቀመጥኳት። ለስላሳ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ በሩ እንዳይከፈት ብዬ ሞቅ ያለውን ሸጥኩለት። ከቀትር በፊት ከሦስት ሰው ጋር ተጣላሁ።

ያ ሐሙስ ታዲያ ወዳጃ የተጠራበት ቀን ነበር። ወዳጃ ማለት ሽማግሌው፣ ጎረቤቱ አንድ ላይ ተቀምጦ፣ ጫቱን ይዞ ዱዓ የሚያደርግበት ነው። የዚያን ቀን ተረኛው የኔ ቤት ነበር፣ ከሱቋ ኋላ ያለችው። እኔም ለሽማግሌዎቹ የእህቴን ልጅ ፈተና በዱዓ እንዲይዙልኝ ነግሬያቸዋለሁ። መሪያችን ሼህ እንድሪስ ናቸው። ሼህ እንድሪስ ዱዓ ሲያደርጉ አይቸኩሉም። ከነቢያት ይጀምራሉ፣ ወደ ሙታን ያልፋሉ፣ ዝናቡን ይለምናሉ፣ የጨፋን ከብት አንድ ባንድ ያነሳሉ፣ አስፋልቱ ላይ የሚሄደውን መኪና ሁሉ በሰላም ያስገባሉ፤ ተማሪ ዘንድ ሲደርሱ የኛ ቆርቆሮ ቤት በፀሐይ ግሎ ሰው ላቡን በሽርጡ ጫፍ ይጠርጋል።

እዚህ ላይ የአገራችንን ደንብ ልንገራችሁ። ዱዓ የሚደረግለት ነገር መሀል ይቀመጣል። ማሽላ ሊዘራ ከሆነ ከዘሩ ቆንጥሮ መሀል ይቀመጣል። አዲስ ባጃጅ የገዛ ቁልፉን መሀል ያኖራል። የታመመም ሰው ራሱ መሀል ይቀመጣል። በመጨረሻ ሽማግሌው ቱፍ ይሉበታል፣ ምርቃቱ የሚያርፈው ያኔ ነው። ሼህ እንድሪስም ሀያት ጋ ሲደርሱ ቆም አሉና ልጅቷስ የለችም፣ ሥራዋ የት አለ ብለው ጠየቁ።

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። አደራውን አልረሳሁትም፤ ይህን እወቁልኝ። ከራሴ ጋር ታግያለሁ። ግን ቁልፍ የሚመረቅበት አገር፣ ማሽላ የሚመረቅበት አገር፣ የሀያት ጠብታ ብቻዋን ፍሪጅ ውስጥ ተኮራምታ ትቅር? ደግሞስ ለአንድ አፍታ ነው ብዬ አሰብኩ። ሼህ እንድሪስ አፍታ የሚባል ነገር እንደማያውቁ እያወቅኩ ለአንድ አፍታ አልኩ። ሄጄ አመጣኋት።

መሀል አስቀመጥኳት። ኋላም መሀል መቀመጧ አልበቃ ብሎ ከእጅ ወደ እጅ ትዞር ጀመር። እያንዳንዱ በመዳፉ ጨብጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ያለውን ሁሉ ይለምንላታል። የሽማግሌ መዳፍ በከሚሴ ቀትር ምን ያህል እንደሚሞቅ እናንተው ገምቱ። በመጨረሻ ሼህ እንድሪስ ጋ ደረሰች። "አላህ እውቀቷን ይክፈትላት፣ ያሰረችውን አይፍታባት" አሉና ቱፍ አሉባት።

ምርቃቱ ክዳኑ ላይ ቀረ። አየሁት፣ ፕላስቲኩ ላይ ያብረቀርቃል፣ ጠብታዋ ዘንድ አልገባም። ጉዴ የመጣው ያኔ ነው። ጎበዝ፣ ይህ ሁሉ ሰው የለፋበት ዱዓ ክዳን ላይ ይቅር? ለምርቃት የመጣ በሽተኛ የዝናብ ልብስ ለብሶ ይመረቃል? ይህን ሁሉ ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ ሰይጣን ነው እንዳልል ሰይጣን ዱዓ ቤት አይገባም። ክዳኑን በጥፍሬ ፈልቀቅ አደረግኩና ሼሆ ይድገሙልን አልኩ። ደገሙልን። አጠገባቸው ያሉትም ሽማግሌ በረካው ይብዛ ብለው ጨመሩበት። አሚን አልን። ክዳኑን ዘግቼ ወደ ፍሪጁ መለስኳት፤ ልቤ እንዲህ ሙሉ ሆኖ አያውቅም። ፍሪጁን ስከፍት ውስጡ ጨለማ ነው። መብራት ሄዷል። መቼ እንደሄደ የሚያውቅ የለም።

ሀያት በማግስቱ ጠዋት ከጨፋ ስትመለስ ቀጥታ ፍሪጁን ከፈተች። ብልቃጧን ወደ ብርሃኑ አነሳች። ትናንት እንደ ምንጭ ውሃ የጠራችው ጠብታ ዛሬ የተበጣጠሰ ወተት መስላለች። መሀሏ ላይ ደግሞ አንዲት ደቃቅ የጫት ቅጠል ትንሳፈፋለች።

"ማን ነው የከፈታት?"

ዘሀራ ወደኔ አየች። ኮፍያውን ሊያስቀምጥ የመጣው የባጃጅ ሹፌር ወደኔ አየ።

"ዱዓው እንዲገባ ነው" አልኩ።

አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ እንዴት በወደድኩ። ብልቃጧን ስኒዋ ውስጥ መለሰችና በጓሮ በር ወጣች። ተከተልኳት። የዘሀራ የቀሪቦ ጀሪካኖች መሀል ተቀምጣ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ታለቅሳለች። የእህቴ ልጅ፣ እንዲያ ኮርቼባት የኖርኩ ልጅ፣ በኔ እጅ።  ደላላው ሙቀት ሲያገኘው ቅርፁ ይበተናል አለችኝ ኋላ፤ ኩታውን መዝጋት አይችልም፣ እጁ ስኳሩን አይጨብጥም። ምራቁ ባይኖር ኖሮ እንኳ ሙቀቱ ብቻ ይበቃው ነበር።

ዘሀራ እንደኔ አይደለችም፤ ዝም ብላ አንድ ብርጭቆ ቀሪቦ ቀድታ እጇ ላይ አኖረችላት። ሀያት አንዴ ጎንጨት አለች። ብርጭቆውን ዝቅ አድርጋ አረፋው ወደ ላይ ሲወጣ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ተነስታ ወደ አንዱ ጀሪካን ጎንበስ አለችና ከታች የረጋውን ዝቃጭ ምን እንደምታደርገው ዘሀራን ጠየቀቻት። እደፋዋለሁ አለች ዘሀራ። ዛሬ እንዳትደፊው አለቻት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ደላላ የሚገኘው እርሾ ውስጥ ነው። ሀያት ዓመቱን ሙሉ የለፋችው ከእርሾው ገበያ መሀል እሱን ብቻውን ነጥላ ለማውጣት ነበር። አሁን ግን አንዱን ነጥሎ የማውጫ ጊዜ የለም፤ ታዲያ ገበያውን በሙሉ ለምን አንወስደውም አለች። ከሱ ጋር ብዙ ሌላ ደላላ አብሮ ይኖራል፣ ግርግር ይበዛል፣ እርስ በርሳቸው ሊበላሉም ይችላሉ። ግን ድሮ ድሮ፣ ማሽን ሳይኖር፣ ሰዎች እንዲህ ያደርጉት እንደነበር አንብባለች፤ እርሾውን አጥበው፣ አድርቀው፣ ለብ ባለ ውሃ ነክረው ጭማቂውን ያወጡት ነበር። ይሠራል ወይ አልኳት። አላውቅም አለችኝ፣ በእጇ ሠርታው አታውቅም። ዓይኗ ግን ደርቋል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ሰው ከሚሴ ሠርግ የደገሰች ይመስለዋል። ዝቃጩን ደጋግማ በውሃ አጠበችው፣ በዘሀራ ነጠላ አጥልላ ጨመቀችው። ሊጥ የመሰለውን በንፁህ ትሪ ላይ ስስ አድርጋ ቀባችና ትሪዎቹን በግቢው የጠፍር አልጋ ላይ ደረደረቻቸው። መድረቅ አለበት፣ ግን የቀጥታ ፀሐይ እንዳይነካው፤ ነፋስ ያግኘው፣ ግን ዝንብና አቧራ አይድረስበት። እኔን ዱላ አስይዛ ዶሮ እንዳይመጣ ጥበቃ አደረገችኝ። ራቅ ብለህ ጠብቅ አለችኝ። በዱላዋ ልክ ራቅ አልኩ።

ወሬው ጁምዓ ሳይሰገድ ሼህ እንድሪስ ጋ ደረሰ። እንደሰገዱ ጥቁር ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ። ሀያትን "አካም ኦልቴ፣ ኢንተላ ኮ" አሏት፣ እንዴት ዋልሽ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። ምራቃቸው ሥራዋን ማበላሸቱን ሰምተው ጁምዓቸውን ያለ ልብ ነበር የሰገዱት። እሷ ደግሞ ጥፋቱ የርስዎ አይደለም፣ የሙቀቱና የክዳኑ ነው አለቻቸው፤ ክዳኑን ስትል ወደኔ አላየችም፣ እግዜር ይስጣት። ሼሁ ትሪዎቹን አዩ፣ ፀሐይዋ ወደ አልጋው ስትጠጋ አዩ። ጃንጥላቸውን ዘርግተው በላያቸው ላይ ያዙና ተቀመጡ። ቀስ በቀስ ወዳጃው ላይ የነበሩት ሽማግሌዎች ሁሉ እየመጡ ጃንጥላቸውን ዘረጉ። ፀሐይ ስትዞር እነሱም ይዞራሉ፣ የዓስር ሶላት ሲደርስ ተራ በተራ ሄደው ሰግደው ይመለሳሉ። በማግስቱም እንዲሁ ዋሉ። መናኸሪያ የሚወርድ መንገደኛ ለማን ነው ጥላ የያዛችሁት እያለ ሲጠይቅ ለእርሾ ነው ማለት አፍሬ የሀያትን ስም ብቻ ጠራሁ።

እሁድ ማለዳ የደረቀውን ፈጨችና በውሃ ነክራ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋ ግቢው ጥላ ስር አኖረችው። ላቦራቶሪ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ሙቀት ለማግኘት ማሽን እንለኩሳለን፣ ከሚሴ ግን እንዲሁ አለ አለች። ጠብታዋን የገደለው ሙቀት ለዚህኛው በልኩ ሆኖ ተገኘ። ሙቀቱን የሰጠሁት እኔ ይመስል ደረቴ መልሶ ነፋ።

ፎስፌቱስ? ላቦራቶሪ የሚጠቀሙበት ደሴ ነው ያለው፤ ለሙከራ ግን ሌላ ነገር ፈለገች። ዳፕ ካላችሁ አምጡልኝ አለች። ማዳበሪያውን ዳፕ ማለቷ ነው። ጨፋ ማሽላ የሚያርሱ ሽማግሌዎች ተያዩ። አንዱ ሄደው በኩባያ ይዘው መጡ። በውሃ አሟሟችው፣ አጣራችው፣ ሎሚ ጠብ አደረገችበት።

"ማሽላው የሚበላውን ለስኳር ልትሰጪው ነው?" አሏት ሼህ እንድሪስ።

"ማሽላውም የሚወደው ይኸንኑ ፎስፌት ነው አባባ" አለቻቸው። "ገመዱ አንድ ነው።"

 ሼሁ ማሳቸው ላይ ያን ያህል ዘመን የዘሩት ነገር ምን እንደሆነ የነገራቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። በጣታቸው ከኩባያው ቆንጥረው መዳፋቸው ላይ አድርገው አገላብጠው አዩት።

እንግዲህ ጉዱ። ከጭማቂው አጥልላ የወሰደችው ቢጫ፣ ጥርት ያለ ውሃ ነው፤ ሕያው እርሾ የለበትም፣ የእርሾዋ ሠራተኞች ብቻ ናቸው የቀሩት። እሱንና ስኳር በለስላሳ ጠርሙስ ቀላቅላ አፉን በቀጭን ቱቦ ደፈነች፣ የቱቦውን ጫፍ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ነከረችው። ሠራተኞቹ ከሠሩ አየር ይወጣል፣ በብርጭቆው ውስጥ ቡልቅ ይላል። ካልሠሩ ሰኞ የለም። ሁላችንም ብርጭቆውን ከብበን ቁጢጥ አልን። ዘሀራ እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

ቆየ። በጣም ቆየ። ከዚያ ቡልቅ አለ። እንደገና ቆየና ቡልቅ። ሞቶ አልሞተም፣ ግን እንደ ታማሚ ነው የሚተነፍሰው። የሀያት ከንፈር ደርቆ አየሁ። የዳፑን ውሃ በጠብታ ጨመረችበት። ትንሽ ጠበቀች፣ እኛም ጠበቅን፤ እኔ ምንም እንዳልነካ እጄን ከኋላዬ አጣምሬያለሁ። ቡልቅ። ቡልቅ ቡልቅ። ከዚያማ መለየት እስኪያቅት ድረስ ተከታተለ፤ ብርጭቆው እንደ ዘሀራ ቀሪቦ ፈላ። ያ ሁሉ ደላላ ገመድ አጥሮት ነበር ቁጭ ያለው። ገመዱ ሲመጣለት ገበያው ቆመ።

"ሱብሃነላህ" አሉ ሼህ እንድሪስ።  በዓይኔ የማየው አየሩን ብቻ ነው፤ ግን እዚያች ጠርሙስ ውስጥ ስኳሩ እየተያዘ፣ እየታሰረ፣ እየተለቀቀ ነው፣ አንድም ሰው ሳይነካው፣ አንድም ድምፅ ሳይሰማ። ከዚያ ቡልቅታው ቀስ አለ። አንዱ ሽማግሌ ደነገጡ፣ ሞተ እንዴ አሉ። ሀያት ግን ፈገግ አለች፣ ከመጣች የመጀመሪያዋ ፈገግታ ነበረች። አልሞተም፣ ፎስፌቱ አለቀ፣ ሁሉም ስኳር ላይ ታስሮ አለቀ ማለት ነው አለች። ሼህ እንድሪስ እስቲ ጨምሪበት አሏት። ጨመረች። ተነሳ። ሲዳከም እንደገና ጨምሪበት፤ እንደገና ተነሳ። ሀያት ዳፑን ባትደብቅባቸው ኖሮ ሽማግሌዎቹ ያን ቀን ዙሁርን አይሰግዱም ነበር።

ሼሁ ሲነሱ ይህ ሥራ በኔም ሰውነት ውስጥ አለ ወይ ብለው ጠየቋት። አሁን በጠጡት ቀሪቦ ስኳር ላይ ፎስፌት እየታሰረ ነው አለቻቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆሙ። ዕድሜ ልካቸውን ለሌላው ሲለምኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ውስጣቸው ሳይጠሩት የሚያገለግላቸው እንዳለ ያን ቀን ሰሙ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ የኔም እንደዚያው።

ሀያት በከሰዓቱ ሚኒባስ ደሴ ሄደች። የስፖንጅ ሳጥኑን ባዶውን ሱቄ ውስጥ ትታው፣ የደረቀውን እርሾ በዘሀራ ነጠላ ቁራጭ ቋጥራ በቦርሳዋ ያዘች። የደረቀ ነገር በረዶ አያስፈልገውም። ፍሪጄ እንደተዘጋ ቀረ፣ አንድም ሰው ዞር ብሎ አላየውም።

ሰኞ ማታ ደወለች። መምህሮቿ መጀመሪያ በረዶሽ የት አለ ብለው ነበር የጠየቋት። በረዶ የለውም ብላ ቋጠሮዋን ፈታች። ፊታቸው ቆማ ጭማቂውን አወጣች፣ ስኳርና የላቦራቶሪውን ፎስፌት ጨመረች፣ የተሠራውን በማሽናቸው አስመረመሩት፣ ፎስፌቱ ታስሯል። እንደ ጠብታዋ የጠራ አይደለም፤ ግን አገር ቤት ይሠራል ያልሽው ይኸው ነው አሏት፤ ጠብታዋን ይዛ ብትመጣ ኖሮ ማሽን ያለው ብቻ የሚሠራው ይሆን ነበር። እርሾው የየት አገር ነው ብለው ሲጠይቋት "የከሚሴ፣ የአክስቴ" ብላቸዋለች። ዘሀራ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ይህንኑ እንድትደግምላት አደረገቻት። ከዚያ ቀን ወዲህ የቀሪቦ ጀሪካኖቿ ፍሪጄ ውስጥ ናቸው፤ ለስላሳው ውጭ ቆሞ ይሞቃል።

ተመርቃ፣ ተቀጥራ ከርማ አንድ ሐሙስ መጣች፣ ያችኑ የምታክል ብልቃጥ ይዛ። ውስጧ ነጭ ዱቄት አለ፣ ጨው ይመስላል፤ ከዚያ እርሾ የሠራችው፣ ፎስፌት የታሰረበት ስኳር ነው። ለናንተ ነው፣ ለትዝታ አለች። የዚያን ቀን ወዳጃው እኛ ቤት ነበር፣ ለምስጋና። ሼህ እንድሪስ ብልቃጧን በመዳፋቸው ተቀበሉ፣ ነቢያቱን ጀመሩ፣ ጨፋን አዳረሱ፣ አስፋልቱን ጨረሱ። ሀያት ዘንድ ሲደርሱ ክዳኑን ነካ አደረጉት። አልነቃነቅ አለ፤ ዙሪያውን በማጣበቂያ ደፍናዋለች።

"ኢንተላ ኮ፣ ይህን ማጣበቂያ ያደረግሽው የኔን ምራቅ ፈርተሽ ነው?" አሏት።

"ኧረ አይደለም አባባ" አለች ሀያት። "የኤሱማን እጅ ነው።"

ሼሁ ብልቃጧን መሀል አስቀመጡና እጄን ያዙ። ሁለቱንም። በየጣቶቼ ላይ እያዩ ቱፍ አሉባቸው፣ "ያ ረቢ፣ ለዚህ ሰውዬ እጅም ፎስፌት እሰርለት" አሉ።

ቤቱ በሙሉ አሚን አለ። ከጓሮ፣ ከጀሪካኖቹ መሀል፣ የዘሀራ አሚን ከሁሉም በልጦ ተሰማ።